የጨዋታ ውጤትን በአኃዝ ስለ ማብራራት

1. መግቢያ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ግጥሚያ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ በጊዜው የተባበረው ዐረብ ሪፐብሊክ ይባል የነበረውን የግብጽን ቡድን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። መደበኛው 90 ደቂቃ የተፈጸመው 2 ለ 2 በሆነ ውጤት ሲሆን አሸናፊው የተለየው በተጨማሪው ሰዓት ነበር። ይህ አኃዝ ማን እንዳሸነፈ በማያሻማ ሁኔታ ይገልጻል። ለምን እንዳሸነፈ ለሚጠይቅ ሰው ግን ብቻውን መልስ አይሰጥም።

እንደሚታወቀው ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ ተመልካቹ፣ አሠልጣኙና ዘጋቢው ውጤቱን በየፊናቸው ያብራራሉ። አንዱ የተጫዋቾቹን ወኔ፣ ሌላው የዳኛውን ስሕተት፣ ሦስተኛው ዕድልን ይጠቅሳል። ካለፉት ሰባ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለዚህ ክርክር አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ቀርቧል፤ ይኸውም ቡድኖች በጨዋታው ውስጥ የፈጸሟቸውን ድርጊቶች መቁጠር ነው። ስንት ጊዜ ኳስ ተቀባበሉ፣ ስንት ጊዜ ወደ ግብ ሞከሩ፣ ኳሱን ለምን ያህል ጊዜ ያዙ የሚሉት ጥያቄዎች በቁጥር ይመለሳሉ። ዛሬ በቴሌቪዥን የሚተላለፉ ታላላቅ ጨዋታዎች በእነዚህ አኃዞች ታጅበው ይቀርባሉ፤ ብዙ ተማሪዎችም በቃላቸው ይዘዋቸው ይገኛሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ አኃዞች የውድድርን ውጤት ምን ያህል ሊያብራሩ እንደሚችሉ፣ በምን በምን ሁኔታ እንደሚያሳስቱ፣ እንዲሁም መምህራንና የትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ከዚህ ምን ሊማሩ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው። የውጭ አገር ጨዋታዎችንና ጥናቶችን የሚመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ከማስታወሻ ደብተር የተነሣ ትምህርት

በእንግሊዝ አገር የአየር ኃይል የሒሳብ መኮንን የነበሩት ቻርልስ ሪፕ ማርች 18 ቀን 1950 የስዊንደን ታውንን ቡድን ጨዋታ ሲመለከቱ ሳለ፣ የቡድኑ ጥቃት በተደጋጋሚ ያለ ፍሬ መቅረቱን አይተው በሁለተኛው አጋማሽ እያንዳንዱን የማጥቃት እንቅስቃሴ በወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመሩ። ለራሳቸው የሚያመች የአጻጻፍ ምልክት ፈጥረው ይህንኑ ሥራ ለብዙ ዓመታት ቀጠሉበት። በ1950ዎቹ ዓመታት በአሠልጣኝ ስታን ከሊስ ይመራ የነበረው የዎልቨርሃምፕተን ቡድን በምክራቸው የተጠቀመ ሲሆን፣ ይኸው ቡድን በ1954፣ በ1958 እና በ1959 የእንግሊዝ ሊግ አሸናፊ ሆኗል።

ሪፕ በ1968 ከስታቲስቲክስ ሊቁ ከበርናርድ ቤንጃሚን ጋር ሆነው የቆጠራቸውን ውጤት በእንግሊዝ ንጉሣዊ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡ። ከጥናቱ ውስጥ ሁለት አኃዞች ይበልጥ ታውቀዋል። አንደኛው በአማካይ ከአሥር የግብ ሙከራ አንዱ ብቻ ግብ የሚሆን መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከግቦቹ 80 በመቶ ያህሉ የተገኙት ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ቅብብል ከተደረገባቸው እንቅስቃሴዎች መሆኑ ነው።

ከሁለተኛው አኃዝ አንድ ምክር ተወሰደ። አብዛኛው ግብ በጥቂት ቅብብል የሚገኝ ከሆነ ቡድኖች ኳስ መቀባበልን ትተው በረዥም ምት ቶሎ ወደ ተቃራኒው የግብ ክልል ማድረስ አለባቸው ተባለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የአሠልጣኞች ሥልጠና ኃላፊ የነበሩት ቻርልስ ሂዩዝም በራሳቸው ቆጠራ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሰው በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፋፉት። እርሳቸው በመረመሯቸው 109 ግጥሚያዎች ከተቆጠሩት 202 ግቦች ውስጥ 87 በመቶ ያህሉ የተገኙት አምስት ወይም ከዚያ ያነሰ ቅብብል ካላቸው እንቅስቃሴዎች ነበር። በዚህ ዓይነት ከቆጠራ የተገኘ አንድ መቶኛ የአሠልጣኞች ማሠልጠኛ ትምህርት አካል ሆነ፤ ወጣቶች ኳስ እንዴት መጫወት እንደሚገባቸውም የሚነግር መመሪያ ሆኖ አገለገለ።

3. ላዕሉ ያለ ታሕቱ

ቆጠራው በራሱ ትክክል ነበር፤ ጉድለቱ የሚገኘው ከቆጠራው በተወሰደው መደምደሚያ ላይ ነው። ከመቶ ግብ ሰማንያው በአጭር ቅብብል ተገኘ ሲባል ወዲያው መጠየቅ የሚገባው፣ ከጠቅላላው የማጥቃት እንቅስቃሴ ውስጥ አጭር ቅብብል የነበረው ስንቱ ነው የሚለው ነው። በእግር ኳስ ኳሱ በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ ሸቀጥ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ይተላለፋል። አብዛኛው እንቅስቃሴ አራተኛው ቅብብል ላይ ሳይደርስ ይቋረጣል። ከአሥሩ እንቅስቃሴ ዘጠኙ ያህሉ አጭር ከሆነ፣ ከአሥሩ ግብ ስምንቱ በአጭር ቅብብል መገኘቱ የአጭር ቅብብልን ብልጫ አያሳይም። እንዲያውም የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው።

ይህን ለመረዳት ለምሳሌ ያህል ብቻ የታሰቡ ቁጥሮችን መውሰድ ይቻላል። በተወሰኑ ግጥሚያዎች ውስጥ 1000 የማጥቃት እንቅስቃሴዎች ተደርገው 10 ግቦች ተገኙ እንበል፤ ክፍፍላቸውም እንደሚከተለው ይሁን።

አጭር ቅብብል፦ 900 እንቅስቃሴ፣ 8 ግብ፤ ይህም ከመቶ እንቅስቃሴ 0.9 ግብ ያህል ነው።
ረዥም ቅብብል፦ 100 እንቅስቃሴ፣ 2 ግብ፤ ይህም ከመቶ እንቅስቃሴ 2 ግብ ነው።

ግቦቹን ብቻ የሚመለከት ሰው 8 ከ2 ይበልጣል ብሎ አጭሩን ይመርጣል። እያንዳንዱን ግብ ከተገኘበት የእንቅስቃሴ ብዛት ጋር የሚያነጻጽር ሰው ግን ረዥሙ ቅብብል ከእጥፍ በላይ ፍሬ እንደሰጠ ይገነዘባል። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ያለው በክፍልፋዩ ታሕት ላይ ነው። ላዕሉን ይዞ ታሕቱን የዘነጋ ስሌት ትክክለኛ ቁጥሮችን ይዞ ወደ ተሳሳተ ፍርድ ይመራል።

ይኸው ጉዳይ በ2005 ማይክ ሂዩዝና ኢያን ፍራንክስ በተባሉ ተመራማሪዎች (የመጀመሪያው ቀደም ሲል ከተጠቀሱት ቻርልስ ሂዩዝ የተለዩ ናቸው) ከዓለም ዋንጫ ውድድሮች በተሰበሰበ መረጃ ተመርምሯል። ግቦቹ በብዛት የተገኙት እንደ ቀድሞው ከአጭር ቅብብል ነበር። በእንቅስቃሴዎቹ ብዛት ሲካፈል ግን የተሳካላቸው ቡድኖች ከረዥም ቅብብል ይበልጥ ብዙ የግብ ሙከራ ማግኘታቸው ታየ። በሌላ በኩል ሙከራው ከተደረገ በኋላ ግብ የመሆኑ መጠን በቀጥተኛው አጨዋወት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ እንደሚታየው ታሕቱ እንቅስቃሴ ሲሆን አንድ መልስ፣ ሙከራ ሲሆን ሌላ መልስ ይገኛል። ስለሆነም ማናቸውም አኃዝ ከመቅረቡ በፊት የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ መታወቅ አለበት።

ይህ ማለት ረዥም ምት የሚያዘወትር ቡድን አያሸንፍም ማለት አይደለም። ለምሳሌ በአሠልጣኝ ኤጊል ኦልሰን ሥር በቀጥተኛ አጨዋወት ይታወቅ የነበረው የኖርዌይ ብሔራዊ ቡድን በ1998 የዓለም ዋንጫ ብራዚልን 2 ለ 1 አሸንፏል። አንድ አጨዋወት ለአንድ ቡድን ተስማሚ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም የሚስማማ ሕግ ነው ለማለት ግን ከላይ የተጠቀሰው 80 በመቶ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

4. የዕድል ድርሻ

ታሕቱ ከተሟላ በኋላም አንድ ግጥሚያ ብቻውን ብዙ ሊያስረዳ አይችልም። ኖቬምበር 22 ቀን 2022 በካታር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሳዑዲ ዐረቢያ አርጀንቲናን 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚህ ግጥሚያ አርጀንቲና 15 ጊዜ ወደ ግብ ስትሞክር ሳዑዲ ዐረቢያ የሞከረችው 3 ጊዜ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ አርጀንቲና ከመረብ ያገናኘቻቸው ሦስት ኳሶችም ከጨዋታ ውጭ ተብለው ተሽረዋል። ያችው አርጀንቲና በውድድሩ መጨረሻ ዋንጫውን ወስዳለች።

ይህን ውጤት ለመመርመር የሪፕና የቤንጃሚን የመጀመሪያ አኃዝ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ሙከራ ግብ የመሆን ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው፤ አንዱም ሙከራ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ተብሎ ቢወሰድ፣ ከ15 ሙከራ በአማካይ 1.5 ግብ፣ ከ3 ሙከራ ደግሞ 0.3 ግብ ይጠበቃል። በዚሁ መነሻ ሲሰላ፣ ከመቶ እንዲህ ካሉ ግጥሚያዎች ውስጥ 69 ያህሉን ብዙ የሞከረው ቡድን ያሸንፋል፤ 24 ያህሉ በእኩል ውጤት ይፈጸማሉ፤ የቀሩትን 7 ያህል ግን ጥቂት የሞከረው ቡድን ያሸንፋል። ስለዚህ ያልተጠበቀ የተባለው ውጤት ከአሥራ አራት ወይም ከአሥራ አምስት ግጥሚያ በአንዱ ሊደርስ የሚችል ነው። 64 ግጥሚያዎች በተደረጉበት ውድድር እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ መድረሱ ሊያስደንቅ አይገባም።

እርግጥ ነው፣ ሙከራዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። የፍጹም ቅጣት ምት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ግብ ሲሆን፣ ከሩቅ የሚመታ ኳስ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይሳካል። በዚህ ምክንያት ባለፉት ዓመታት «የሚጠበቅ ግብ» የተባለ መለኪያ በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ መለኪያ እያንዳንዱ ሙከራ እንደ ርቀቱ፣ እንደ ማዕዘኑ፣ በእግር ወይም በራስ እንደ መመታቱ፣ ቀደም ሲል ተመሳሳይ ሙከራዎች ባስገኙት ግብ መጠን ይመዘናል፤ ከዚያም የቡድኑ ሙከራዎች ሁሉ ይደመራሉ። መለኪያው ከተራ ቆጠራ የተሻለ ነው። ሆኖም አማካይ ስለሆነ በአንድ ግጥሚያ የሚሆነውን አስቀድሞ ሊወስን አይችልም። በጥቂት ግቦች በሚወሰን ጨዋታ ዕድል ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ አንድ ግጥሚያ አይቶ ስለ ቡድን ችሎታ መፍረድ የማይገባውም ለዚህ ነው።

5. ምክንያትና ውጤት ሲገለባበጡ

ሦስተኛው የስሕተት መንገድ ውጤቱ ራሱ አኃዞቹን የሚለውጥ መሆኑን መዘንጋት ነው። ጁላይ 8 ቀን 2014 በብራዚል ከተማ በቤሎ ሆሪዞንቴ በተደረገው የዓለም ዋንጫ የግማሽ ፍጻሜ ግጥሚያ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 አሸነፈች። ጨዋታውን ያላየ ሰው የአኃዙን ሠንጠረዥ ብቻ ቢመለከት የተሸነፈው ቡድን ብልጫ የነበረው ይመስለዋል። ብራዚል 18፣ ጀርመን 14 የግብ ሙከራ አድርገዋል፤ ኳሱንም ብራዚል 52 በመቶ፣ ጀርመን 48 በመቶ ይዘዋል።

የሠንጠረዡ ምሥጢር የሚገለጸው አኃዞቹ በደቂቃ ሲከፋፈሉ ነው። በ29ኛው ደቂቃ ውጤቱ 5 ለ 0 ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ጀርመን ጉልበቷን ቆጥባ መጫወት ስትችል፣ ብራዚል ግን ከማጥቃት በቀር ምርጫ አልነበራትም። ከዕረፍት እንደተመለሱ በተከታታይ ያደረገቻቸውን ሙከራዎች የጀርመኑ በረኛ ማኑኤል ኖየር አድኗቸዋል። እንግዲህ የሙከራው መብዛት ለሽንፈቱ ምክንያት አልነበረም፤ ሽንፈቱ ግን ለሙከራው መብዛት ምክንያት ሆኗል።

በአጠቃላይ እየመራ ያለ ቡድን ወደ ኋላ ማፈግፈግ፣ እየተመራ ያለ ቡድን ደግሞ ወደ ፊት መግፋት ልማዱ ነው። የጨዋታው ፍጻሜ ላይ የተደመረ አኃዝ እነዚህን ሁለት ሁኔታዎች አንድ ላይ ያዋሕዳል። በመሆኑም ጠንቃቃ መዝጋቢ ውጤቱ እኩል በነበረበት፣ ቡድኑ በመራበትና በተመራበት ጊዜ የተፈጸሙትን ድርጊቶች ለየብቻ ይመዘግባል።

ምክንያትን ከአጃቢ ሁኔታ ለመለየት የሚረዳው ዋና ዘዴ፣ ሌላው ነገር ሳይለወጥ አንዱ ብቻ የተለወጠበትን አጋጣሚ መፈለግ ነው። ለምሳሌ በራሱ ሜዳ የሚጫወት ቡድን በብዛት እንደሚያሸንፍ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱ የደጋፊው ጩኸት፣ የሜዳው ልማድ ወይም የእንግዳው የጉዞ ድካም ስለ መሆኑ ግን ብዙ ክርክር ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የጀርመን ቡንደስሊጋ ከሜይ 16 ቀን 2020 ጀምሮ ያለ ተመልካች ሲቀጥል፣ ሜዳውም ጉዞውም ሳይቀር ደጋፊው ብቻ ቀረ። በዚያ ወቅት የባለሜዳዎች ብልጫ ቀንሷል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ዳኞች ለእንግዳ ቡድን አብዝተው ይሰጡት የነበረው የማስጠንቀቂያ ካርድ ልዩነት መጥበቡን አሳይተዋል። የልምምድ መቋረጥና የግጥሚያዎች መደራረብም በዚያው ጊዜ ስለነበሩ ማስረጃው ፍጹም አይደለም። ቢሆንም ከተራ ቆጠራ ይልቅ ወደ ምክንያቱ የቀረበ ነው።

6. በትምህርት ቤት ሲሠራበት

ይህን ሁሉ ለተማሪዎች ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የክፍል ለክፍል ግጥሚያ፣ አንድ የእጅ ሰዓት፣ እርሳስና የተሠመረ ወረቀት ይበቃል። የሒሳብና የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ተባብረው ሥራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊመሩት ይችላሉ።

ሀ) ከጨዋታው በፊት የሚመረመረው ጥያቄ በጽሑፍ ይሰፍራል። ጥያቄው ካለቀ በኋላ የሚመረጥ ከሆነ ለማናቸውም ውጤት የሚስማማ አኃዝ ፈልጎ ማግኘት አያዳግትም።

ለ) የሚቆጠረው ነገር ትርጉም ይወሰናል። ተከላካይ ገጭቶ የመለሰው ኳስ ሙከራ ነው ወይስ አይደለም? በዚህ ላይ ስምምነት ከሌለ ቁጥሩ የጨዋታው ሳይሆን የቆጣሪው ይሆናል።

ሐ) ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ አንዱን ጨዋታ ይመዘግባሉ። መዝገቦቻቸው ሲነጻጸሩ የሚገኘው ልዩነት የመለኪያውን አስተማማኝነት ያሳያል።

መ) እያንዳንዱ ድርጊት ከደቂቃውና በወቅቱ ከነበረው ውጤት ጋር ይጻፋል።

ሠ) ከጨዋታው በኋላ ማንኛውም ቁጥር «ከስንቱ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሕቱ ሳይጻፍ መቶኛ አይሰላም።

ረ) መደምደሚያ ላይ የሚደረሰው የብዙ ግጥሚያዎች መዝገብ ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

ተማሪዎቹ የራሳቸው ክፍል የተሸነፈበትን ጨዋታ ሲመረምሩ ትምህርቱ ይበልጥ ይጠቅማል። በዳኛው ላይ ሊያሳብቡ የተነሡ ልጆች ራሳቸው የመዘገቡት ወረቀት ሐሳባቸውን ሳይደግፍላቸው ሲቀር ማስረጃ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳሉ።

7. ለትምህርት ዕቅድ ያለው ትርጉም

ከላይ የተዘረዘሩት ሦስት ስሕተቶች በስፖርት ሜዳ ብቻ የሚቀሩ አይደሉም። የፈተና ውጤትን የሚመለከቱ አኃዞችም በዚያው መንገድ ሊነበቡ ይችላሉ። ለማስረጃ ያህል ሁለት ትምህርት ቤቶችን ማሰብ ይቻላል። አንደኛው 1200 ተማሪዎችን አስፈትኖ 180፣ ሁለተኛው 150 አስፈትኖ 45 ቢያሳልፍ፣ ያለፉትን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት አንደኛውን ያስመሰግናል። ከስንቱ ተብሎ ሲጠየቅ ግን አንደኛው 15 በመቶ፣ ሁለተኛው 30 በመቶ አሳልፈዋል። ጥያቄው በዚህም አያበቃም። ከሁለተኛው ትምህርት ቤት ፈተናው ከመድረሱ በፊት ያቋረጡ ተማሪዎች ብዙ ከሆኑ ተገቢው ታሕት የተፈተኑት ሳይሆን የተመዘገቡት ይሆናል፤ ፍርዱም ሊገለበጥ ይችላል።

እንደዚሁም ውጤታቸው ዝቅ ያለ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ የማጠናከሪያ ትምህርት እንዲሰጡ ቢደረግና በዓመቱ መጨረሻ አኃዙ ቢሰበሰብ፣ ብዙ የማጠናከሪያ ሰዓት ያላቸው ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ከዚህ ተነሥቶ የማጠናከሪያ ትምህርት አይጠቅምም ማለት፣ ብራዚል የተሸነፈችው ብዙ ስለሞከረች ነው እንደ ማለት ነው። ጥቅሙን ለማወቅ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ውጤት መመዝገብና በተመሳሳይ ደረጃ የነበሩ፣ ትምህርቱን ያላገኙ ትምህርት ቤቶችን አብሮ መመልከት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ሃያ ወይም ሠላሳ ተማሪዎችን ብቻ የሚያስፈትን ትንሽ ትምህርት ቤት ውጤት በሁለትና በሦስት ተማሪዎች ምክንያት ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። በአንድ ዓመት አኃዝ ርእሰ መምህርን መሸለም ወይም መውቀስ በአንድ ግጥሚያ አሠልጣኝን እንደ መሾምና እንደ መሻር ይቆጠራል።

8. መደምደሚያ

የቡድን የጨዋታ አኃዞች በጥንቃቄ ከተሰበሰቡና ተገቢው ጥያቄ ከቀረበላቸው ውጤትን ለማብራራት ጠቃሚዎች ናቸው። የሪፕ ድካም ከንቱ አልቀረም፤ ጨዋታ ሊቆጠርና ሊመረመር እንደሚችል አሳይቷል። ችግሩ የተፈጠረው ታሕቱ ያልተሟላ አንድ መቶኛ ከመጽሔት ገጽ አልፎ ወደ ሜዳ ወርዶ፣ ገና በመማር ላይ ላሉ ወጣቶች የሥልጠና መመሪያ ሲሆን ነው። በሜዳ ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ጥቂት ጨዋታዎችን ነው። በትምህርት ሥራ ግን አንድ የተማሪ ትውልድ የሚያልፍበትን መንገድ ሊወስን ይችላል። ስለሆነም መምህሩ በክፍሉ፣ የዕቅድ ባለሙያውም በጽሕፈት ቤቱ ማናቸውንም አኃዝ ከመቀበላቸው በፊት ከስንቱ እንደ ተወሰደ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ታየና ከምክንያቱና ከውጤቱ የትኛው እንደ ቀደመ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።